መብራት ሲጠፋ የምትመጣ ፍቅረኛ፦ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ከቱሉ ዲምቱ

ይህ መጽሐፍ ሽፋን የለውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ርዕሱና የደራሲው ስም ያለበት ወረቀት ተገንጥሎ ቀርቷል፤ አከራዩ ልጅ በአሮጌ ካላንደር ጠቅልሎ በፕላስተር አሽጎታል። እኛ የቱሉ ዲምቱ አንባቢዎች «የሸራዋ ልጅ» እንለዋለን። ሱቁ ሄዳችሁ እንዲሁ ብትሉት ይገባዋል።

ታሪኩ የሰውና የመንፈስ ፍቅር ነው፤ የሚካሄደውም በሰዓሊዎች፣ በጋለሪዎችና በሥዕል ገዢዎች መሃል ነው። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ፍቅሩ ያሳምናል፣ መንፈሷ ታሳምናለች፣ ነጋዴዎቹ ግን አያሳምኑም። ደራሲው ሥዕልን ከፊቱ አሳምሮ ያውቃል፤ ከጀርባው ግን አያውቅም። የእኔ እንጀራ ደግሞ ከጀርባው ነው፤ ፍሬም ሠሪ ነኝ። ሰው ቆሞ ቀለሙን ሲያደንቅ እኔ የማየው ምስማሩን፣ የጠመመውን እንጨትና የሸራውን እጥፋት ነው።

ልጄ ጠረጴዛ ላይ አይታው ገና ሳትገልጠው «እማ፣ ይሄ እኮ ላይት ኖቭል ነው» አለችኝ። አኒሜ ስታይ የምታድር ናት፤ የጃፓኖቹን ታውቃቸዋለች። እዚያ እነዚህ መጻሕፍት ኪስ የሚገቡ፣ በኤ6 መጠን የሚታተሙ፣ ገጻቸው በንግግር የተሞላ፣ መሃል መሃል ላይ የማንጋ ሥዕል የሚገባባቸው ናቸው። የእኛው ደራሲ ቅርጹን እንዳለ ወስዶ አገሩን ግን አልለቀቀም። ሰፈሩን በስም አይጠራም፤ ነገር ግን ከአራተኛ ፎቅ መስኮት የየረር ተራራና የፍጥነት መንገዱ መግቢያ መብራት የሚታይበት፣ ሲኖትራክ ሌሊቱን ሲያጓራ የሚያድርበት፣ ውሃ በፈረቃ መጥቶ ጄሪካን በደረጃ የሚጎተትበት ኮንዶሚኒየም የት እንደሆነ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም።

ልጁ ናሆም ይባላል። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ የካፌ ግድግዳ ላይ ስኒና ጀበና፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ እየሣለ ይኖራል። አንድ ቀን ቆራሌው ከቆርቆሮና ካረጀ ጫማ ጋር ተሸክሞት የሚዞር ሥዕል ያይና በ150 ብር ይገዛዋል። ሥዕሉን ወዶት አይደለም፤ ሸራውንና የተወጠረበትን እንጨት ፈልጎ ነው። ይሄ እውነት ነው። ሸራ ሲወደድ አቡጀዲ ወጥሮ ኮላ ለቅልቆ የሚሠራ ሞልቷል፤ በአሮጌ ሥዕል ላይ ደርቦ የሚሥልም እንዲሁ። ላዩ ላይ ያለው ደብዘዝ ያለ ተራራና ሁለት ባሕር ዛፍ ነው። ናሆም ከካፌ ሥራ የተረፈውን ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ይለቀልቅበትና ይተኛል። ሲነጋ ነጩ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሩ ጫፍ ነካ ሲያደርገው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለውንም የተራራ ቀለም ይዞት መጣ። በተላጠው፣ ሳንቲም በምታህል ቦታ፣ አንድ ዓይን ያየዋል።

መጽሐፉን ያከበርኩት እዚህ ጋ ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ነፋስ አስነሥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ድመት አስጮኾ ነበር መንፈሱን የሚያመጣው። ይሄኛው ግን ዕቃውን ያውቃል። በዘይት ቀለም ላይ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከደረባችሁ አይዝም፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይላጣል። የዘይት ቀለም ራሱም ሲያረጅ የመሸፈን አቅሙ እየሳሳ፣ ሰዓሊው የሰረዘውና የደፈነው ነገር ከሥር ብቅ ይላል። እኔ ዘንድ ፍሬም ሊለወጥለት የመጣ አንድ የገጠር ቤት ሥዕል ነበር፤ ወደ መስኮት ዘወር ሳደርገው በቤቱ ግድግዳ ውስጥ የበቅሎ ጆሮና አንገት ጥላው ይታያል። ሰዓሊው በቅሎዋን ሐሳቡን ለውጦ ሸፍኗት ኖሯል። በእውነቱ ዓለም ለዚህ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ መጽሐፉ በአንድ ሌሊት ጨረሰው። ይህችን ታህል ተአምር ለማንም ደራሲ እፈቅዳለሁ።

የዓይኑ ባለቤት፣ ከተራራው ሥር የተሣለችው ልጅ፣ አስካለ ትባላለች። የምትታየውና የምትናገረው መብራት ሲጠፋ፣ በሻማ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰፈር ለሚኖር ሰው ይሄ ምን ዓይነት በረከት እንደሆነ አስቡት! ናሆም ቀስ በቀስ መብራት እንዲጠፋ የሚመኝ ብቸኛው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይሆናል። ጎረቤቶቹ ሰው አሰባስበው ጄኔሬተር ለመግዛት ስብሰባ ሲጠሩ እሱ ብቻ እጁን አውጥቶ ይቃወማል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ምክንያቱን ሲጠይቁት «ጫጫታው አይስማማኝም» ይላል። ብቻዬን ጮክ ብዬ የሳቅኩበት ገጽ ነው። ከእኔ በፊት የተከራየ ሰው በቀይ እስክሪቢቶ ዳር ላይ «አይ ፍቅር!» ብሎ ጽፎበታል።

አሁን ወደ እጇ ልምጣ፤ የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው። ነጩ ሲላጥ የአስካለ ግራ እጅ አብሮ ተልጦ ሄዷል። ናሆም በዘይት ቀለም መልሶ ይሥልላታል። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲለኮስ ከመላ አካሏ ሊነካው የሚችለው ያ እጅ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እርጥብ ነው። ሌላው ሰውነቷ የደረቀ ሥዕል ነው። ትዳስሰዋለች፣ ቀለም ትቶበት ይቀራል። ጠዋት ቡናማ አሻራ አንገትጌው ላይ ይዞ ደረጃውን ሲወርድ የጎረቤት ሴቶች ምን እንደሚሉ መገመት ነው።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በትነት አይደርቅም፤ አየሩን እየሳበ ነው የሚጠነክረው። እጅ የማይዝ እስኪሆን ቀናት ይፈጅበታል፤ እስከ ውስጡ እስኪጠነክር ደግሞ ወራት፣ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ሁለቱ ያላቸው ጊዜ ቀለሙ እስኪደርቅ ነው። ናሆም የተልባ ዘይት አብዝቶ ጨመረ፣ መድረቁን እንዲያዘገይለት። ግን የእሷ ቆዳ የሚወጣው አምበር ከሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለም ነው፤ አምበር ደግሞ ማንጋኒዝ ስላለበት ከሌሎቹ ቀለሞች ቀድሞ የሚደርቅ ነው። እጇን እንደ ራሷ አስመስሎ ከሣላት ቶሎ ትደርቃለች። እንድትቆይለት ከፈለገ በነጭና በጥቁር አደባልቆ የሌላ ሰው እጅ ሊሰጣት ነው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳውን ይዞ ሲያመነታ እናያለን። የፍቅር መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የፍቅረኞቹ ችግር ከቀለም ቱቦ ውስጥ ሲወጣ ያየሁት በዚህ ነው። የመረጠውን አልነግራችሁም።

ሥዕሎቹን በተመለከተ ስድስት ናቸው፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። የናሆም ፀጉር ጃፓንኛ ነው፤ ይለፍ። የአስካለ ዓይን ግን ትልቅነቱ ከማንጋ ይሁን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መለየት አትችሉም፤ ይህን ሳያስበው የሠራው አይመስለኝም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሥሉ ሕፃን ሆነን ነው የተማርነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን። እናም በመጀመሪያው ሥዕል አስካለ በጎን ናት፤ አንድ ዓይን። በሁለተኛውም በጎን። በሦስተኛው ፀጉሯ ግማሽ ፊቷን ጋርዶታል። ጽሑፉ ስለ ደግነቷ ሲምል ሥዕሉ ደግሞ ተጠንቀቅ ይላል። ልጄ ይህን አላስተዋለችም፤ ስነግራት ወደ ኋላ ተመልሳ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀይ እስክሪቢቶ የያዘው አንባቢ ግን ነቅቷል፤ ሁለተኛው ሥዕል ሥር «አትመናት!!» ይላል።

ከዚያ ዛሩ ይመጣል። ታች ፎቅ ያሉት እማማ ቡና እየቆሉ ለናሆም የሔዋንን ታሪክ ያወሩለታል፦ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ ተባለ፤ ዛር ከእነሱ ወረደ። እኔም ይህን ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። ደራሲው ከሸራው ጋር ያገናኘበት መንገድ ግን አዲስ ነው፤ አስካለ መጀመሪያም የተሸፈነችው ቆንጆ ስለሆነች ነው። ማን ሸፈናት፣ ለምን ሸፈናት የሚለው ጥያቄ ከዚህ ገጽ ጀምሮ ነው አላስተኛ የሚለው። እማማ ንግግራቸው የተፈጥሮ ነው፤ ምክር አያበዙም፣ ስኳር ይጠይቃሉ፣ ዕጣን ይጨምራሉ፣ ልጁን «አንተ ልጅ፣ ከሲታ ሆንክ» ይሉታል።

አንዳንዶች «ሥዕል ውስጥ መንፈስ ከውጭ የተቀዳ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። አይደለም። ነገሥታቱ ጦርነት ሲወጡ ኩርዓተ ርእሱን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል፣ ይዘው ይወጡ አልነበረም? በ1860 ዓ.ም እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ያ ሥዕል ለእኛ እንጨትና ቀለም ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሥዕል በመጋረጃ ተሸፍኖ በጸሎት ሰዓት የሚገለጥበት አገር ነው። ናሆም አስካለን ቀን ቀን በእናቱ ነጠላ ሲሸፍናት ማብራሪያ ሳይጻፍልን የገባን ለዚህ ነው።

አንድ ቀልድ ልጨምር፣ ከሁሉ የወደድኩት። ናሆም ግድግዳው ላይ ከኤግዚቢሽን ካታሎግ የቆረጠው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕል አለ፤ ከሰውና ከዛፍ የማይገናኝ፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ። አስካለ በሻማ ታየውና «ይህንንስ ማን ሸፈነው?» ትላለች። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ተመልሶ ያንን አሣሣል ሲያመጣ ስንት ክርክር እንደተነሣበት የሚያውቅ ሰው በዚህች አንዲት ጥያቄ ይስቃል።

አሁን ወደ ጀርባው። ናሆም በሸራው ጀርባ በእርሳስ የተጻፈውን ስም የሚያገኘው ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ዘጠነኛው! ምስጢሩ በሙሉ እዚያ ተጽፎ እያለ። እስቲ አሮጌ ሥዕል ገዝቶ ጀርባውን ሳያይ የሚተኛ ሰዓሊ አምጡልኝ። እንጨቱ የጠመመ መሆኑን፣ ሸራው መላላቱን፣ ምስማሩ ዝጎ ጨርቁን መብላቱን ለማየት መጀመሪያ የሚገለበጠው እኮ ጀርባው ነው። እኔ ጋ የሚመጣ ሥዕል ሁሉ ፊቱን ወደ ጠረጴዛ ተደፍቶ ነው የሚተዋወቀኝ፤ ጀርባ ላይ የልጅ ስም፣ የዕዳ ሒሳብ፣ «ለእታለም፣ ለልደትሽ» የሚል አንብቤያለሁ። ደራሲው አንድ ቀን ፍሬም ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስሙን በሌላ ወረቀት ያስሸፍነው ነበር፤ ያረጀ ሥዕል ጀርባው ላይ ካርቶን መለጠፉ የተለመደ ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ጥገና ነው፣ ታሪኩም ይድን ነበር።

ዓመተ ምሕረቱም ይጋጫል። አስካለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ሳለች በ1946 እንደተሣለች ይናገራል። አለ ፈለገ ሰላም ያንን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በ1950 ዓ.ም ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። አራት ዓመት ወደፊት መግፋት ምን ይከብዳል? ፊደል ግድፈቱን አልቆጥርም፤ ብዙ ነው።

ጋለሪው ደግሞ ተረት ነው። ቦሌ ያለች ባለ ጋለሪ ሥዕሉን ታያለች፣ ታለቅሳለች፣ እዚያው ቆማ ሙሉውን ገንዘብ በጥሬው ትቆጥርለታለች። እህቴ፣ የት ነው ይሄ ጋለሪ? አብዛኛው ጋለሪ ሥዕል የሚቀበለው በአደራ ነው፤ ሲሸጥ ድርሻውን ያነሣል፣ ያውም ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርስ፤ የቀረውን ሰዓሊው እየደወለ ነው የሚቀበለው። እኔ ራሴ ስሙን ለማልጠራው አንድ ቦታ የኤግዚቢሽን ፍሬም አስረክቤ ገንዘቤን የተቀበልኩት ፍሬሞቹ ግድግዳ ላይ ወጥተው፣ ወርደው፣ ሰው ቤት ገብተው ከቆዩ በኋላ ነው። ደራሲው እንዲህ ያለውን ምልልስ ቢያስገባ ፍቅሩ ራሱ ይጠነክር ነበር፤ ናሆም አስካለን ለመሸጥ የተገደደበት ችግር የቤት ኪራይ ነው ይለናል፣ ግን አንድም ቀን ሲራብ አላየነውም። ምሥጋና ይግባውና ባለጠጋው ተቀናቃኝ ቶሎ ከታሪኩ ይወጣል፤ መኪናውንና ሽቶውን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ገዢው ሥዕሉን ይዞ ውጭ ሊሄድ ሲል የሚመጣው ምዕራፍ ግን ይክሳል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል፤ ስለዚህ አሮጌ የሚመስል ሥዕል ይመረመራል። ባለሙያው ሥዕሉን መስኮት ጋ አጋድመው ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ መነጽር ይቀይራሉ። ፊቷ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ እጇ ገና ያልደረቀ። የቱን ዘመን ፎርሙ ላይ ይጻፉ? እያሰቡ ሳለ አውራ ጣታቸው እጇን ይነካና ቡናማው አሻራ በፎርሙ ላይ፣ ማኅተም ሊያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ያርፋል። ሰውየውን ደራሲው አላላገጠባቸውም፤ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ የሚጠራጠሩ፣ የሚራሩ ሰው ናቸው። እንዲያውም ከናሆም ይልቅ እሳቸው ናቸው ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባውን በጥንቃቄ ያነበቡት። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

መጨረሻውን ብዙ ሰው የሚገምተው ይመስለኛል፤ ግምታችሁ ግማሹ ትክክል ነው፣ ስድስተኛውን ሥዕል ሳታዩ ግን እንዳትወራረዱ። ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጠውም፤ ነውር ያለበት ሆኖ አይደለም፣ ስለ አስካለ አሟሟት የሚናገረው ገጽ ከባድ ስለሆነ ነው። ሥዕል የሚማር ልጅ ያለው ሰው ግን ያስነብበው፤ ስለ ዘይት ቀለም ከዚህ መጽሐፍ የሚማረው ቀላል አይደለም።

ስለ ኪራዩ፦ ሱቁ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችው ኮንቴይነር ናት፣ ከባትሪ ጠጋኙ አጠገብ። ለሳምንት 30 ብር፣ ማስያዣ 200 ብር፤ መታወቂያ አይዝም፣ ይሄ ደግ ነው። ልጁ ትሑት ነው፣ «ማዘር፣ ይሄን ያንብቡት፣ ይወዱታል» ሲል አይሳሳትም፤ ስንት ገጽ እንዳለ ሲሰጣችሁም ሲቀበላችሁም ይቆጥራል፣ አትቀየሙት። ቅጂው አንድ ብቻ ስለሆነ ስማችሁን አስመዝግቡ። መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ ደግሞ 112ኛው ገጽ ላይ ስትደርሱ የታችኛውን ዳር በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ፤ ያ ባለ ቀይ እስክሪቢቶ መጨረሻውን ጽፎታል።